ጂዛን ምን ትመስላለች?

ኸውላ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። በዋትሳፕ የተላከ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው። ከጀርባ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይንሿሿል፤ ሴትየዋ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች።

«እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ? ፀዳለ እባላለሁ። የፈለግሁሽ ለአገር ቤት ትኬት አይደለም። እዚችው ጂዛን ከተማ ሰው ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እንግዲህ አትሳቂብኝና፣ ጂዛን ምን ትመስላለች?»

ኸውላ ሳቀች። ልትመልስላት ስልኩን ወደ አፏ ስታስጠጋ ግን የምትለው ጠፋባት።

ኸውላ የባቲ ልጅ ናት። በሃያ ዓመቷ ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ መጥታ ከጂዛን በስተደቡብ ባለችው ሳምጣ አንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠራች። ዐረብኛውን ከቤቱ ሕፃናት ጋር ካርቱን እያየች ለመደችው። ኋላ አቡ ፈይሰል የሚባሉ ሽማግሌ ሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷን በስማቸው አዛውረው ጂዛን መሀል ከተማ ባለው የጉዞ ቢሯቸው ቀጠሯት። ሐበሻው ቢሮውን «መክተብ» ይለዋል። ሁለት ጠረጴዛና አንድ የሚንቀጠቀጥ አየር ማቀዝቀዣ ነው ያለው፤ የኸውላ ሥራ ግን ያለው ስልኳ ውስጥ ነው። ፊቷን እንደሸፈነች ቲክቶክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ትሠራለች። ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይቃጠል እንዴት እንደሚታደስ፣ ጅዳ ላይ አውሮፕላን ሲቀየር ሻንጣ የት እንደሚጠበቅ፣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ታስረዳለች። ከሰሜኑ አሽ-ሹቀይቅ እስከ ደቡቡ ሳምጣ ያለው ሐበሻ መልኳን ባያውቅም ድምጿን ያውቃል። ባይሽ በሚባለው ቦታ ፍየል የሚጠብቁ የወሎ ልጆች «ያቺ የባቲዋ» ይሏታል።

ይህን ሁሉ መንገድ በአፏ የምታስኬድ ሴት ከቢሮዋ ሩብ ሰዓት የማያስኬደውን ወደብ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም ነበር።

«አቡ ፈይሰል» አለች ያን ዕለት፣ «ከወደቡ የሚነሣው ትልቁ ጀልባ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ፈረሳን ደሴት ነዋ። አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ክፍያም የለው፤ ቀድመሽ በስልክ ስም ታስመዘግቢያለሽ፣ ኸላስ፣ በቃ። ምነው?»

«ሐበሾችን ልወስድ አስቤ።»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሐበሻ የሚሄደው ወደ አገሩ ነው። ደሴት ምን ያደርግለታል?»

«እኔም እሱን ነው ማወቅ የፈለግሁት።»

አቡ ፈይሰል ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሞክሪዋ። የቢሮውን ስልክ ግን እንዳታጨናንቂብኝ።»

በማግስቱ ኸውላ ወደብ ሄደች። ነፋሱ ሻሿን እየገፈፈ እያስቸገራት፣ ከጀልባው ፊት ቆማ «ጂዛን ስንት ዓመት ኖርሽ? ባሕሯንስ አይተሻታል?» እያለች ቪዲዮ ቀረጸች። ለቅቃው ሁለት ቀን ጠበቀች። ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ከሥሩ የተጻፈውም ደስ አይልም። «የመጣነው ለሥራ እንጂ ለሽርሽር አይደለም» ይላል አንዱ። «ማዳሜ ከደጅ ቆሻሻ ልጣል ስል ሰዓት ትቆጥራለች፣ አንቺ ደሴት ትያለሽ» ትላለች ሌላዋ።

ኸውላ አልተቀየመችም። ይልቅ ሁለተኛይቱን ደጋግማ አነበበቻት። ሴትዮዋ ከደጅ ቆማ በዚያች ጥቂት ደቂቃ የምታየው ምን ይሆን? ቪዲዮውን አጠፋችና በምትኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ለቀቀች። «ከመስኮትሽ ምን ይታያል?»

የመልእክት ጎርፍ መጣባት። አንዷ የጎረቤት የውሃ ታንከር ይታየኛል አለች። አንዷ ግድግዳ ብቻ፣ «ግን ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ ይመስላል» አለች። የሳምጣዋ ልጅ የሙዝ ተክል ላከች፤ የአሽ-ሹቀይቋ የጨው ውሃ የሚያጣራውን ፋብሪካ ጭስ በስልኳ አንስታ ላከች። ኸውላ ምሳዋን ረስታ ስትሰማ ዋለች። በሰባት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ሴቶች «ደሴቱን ልየው» ብለው ተመዘገቡ።

ቀሪው የአሠሪዎቹ ፈቃድ ነው። ኸውላ በዐረብኛ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀች፤ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሹፌሩ ስም፣ የራሷ መታወቂያ ፎቶ። ጉዞው ሲጀመርም እያንዳንዷ ማዳም ሠራተኛዋ የደረሰችበትን ቦታ በስልኳ ካርታ ላይ በየደቂቃው ማየት እንደምትችል ጨመረችበት። ከሃያ ስድስቱ ዘጠኙ ተፈቀደላቸው። ከሁሉ ያስቸገረችው የፀዳለ ማዳም ኑራ ናት፤ ጽሑፉ አልበቃ ብሏት ራሷ ደወለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ልውጣ ብላ አታውቅም። ማነው ይህን የመከራት?»

«ማንም አልመከራትም ማዳም። እሷ ናት እኔን የጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ጂዛን ምን ትመስላለች ብላ።»

«ጀልባው ያናውጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለች ኑራ።

«እኔም ተሳፍሬ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ሳምጣ ተወልጄ እዚህ ተዳርኩ። ባሕሩን ከመኪና ውስጥ ሆኜ ሳልፍ ነው የማየው። ያላ በይ፣ የእኔንም ስም ጻፊው።»

ኸውላ በደስታ ለፀዳለ ነገረቻት። የመጣላት መልስ ግን ሁለት ቃል ነበር። «ደግ ነው።» ኸውላ ድምፁን ደግማ ስትሰማው ገባት። ማዳም ካለች ፔርሙስም ቦርሳም አለ፤ የዕረፍት ቀን ሳይሆን ደጅ የወጣ የሥራ ቀን ነው። የኑራ ስም አንዴ ተጽፏልና የምታደርገው ጠፍቶባት ከረመች።

ዓርብ ጠዋት ተሳፈሩ። ፀዳለ አርባን ያለፈች፣ ረዘም ያለች የጋይንት ሴት ናት። እውነትም የማዳምን ቦርሳ በአንድ እጇ፣ ፔርሙሱን በሌላው ይዛለች። ጀልባው ከወደቡ ራቅ እንዳለ ኑራ ፊቷ ነጣ፣ ከዚያ አስመለሳት። ፀዳለ ከማንም ቀድማ ላስቲክና ውሃ ይዛ ተንበረከከች።

«እትዬ ፀዳለ» አለች ኸውላ፣ «ላስቲኩን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ወደ ላይ ውጪ።»

«ማዳምን ጥዬ?»

ኑራ ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን አወዛወዘች። «ሂጂ። ሂጂና እዚያ ያለውን አይተሽ መጥተሽ ንገሪኝ።»

ፀዳለ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ሻሿ ተንሸራቶ ተመለሰች። «ማዳም፣ ውሃው ሁለት ዓይነት ነው! ቅርቡ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ያለው ጥቁር ሰማያዊ፤ መሀሉ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት መስመር አለው።» በአማርኛ የቀላቀለችውን ኸውላ ለኑራ ተረጎመችላት፤ ፀዳለ ደግማ ወጣች። «ወፎች ይከተሉናል። ምን ፈልገው ይሆን?»

«ስንት ናቸው?» አለች ኑራ፣ ላስቲኩን አፏ ላይ እንደያዘች።

ፀዳለ ልትቆጥር ሮጠች። ኸውላ በዚያ ጉዞ ባሕሩን አላየችም፤ ከኑራ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ የወፎቹን ቁጥር ስትጠብቅ ጀልባው ደረሰ።

ደሴቱ ላይ አንድ የጥንት የዕንቁ ነጋዴ ቤት አለ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በኖራ የተቀረጸ ሐረግና አበባ ነው። ሴቶቹ ቀና ብለው እያዩ ገቡ። ፀዳለ ጠባቂውን ሽማግሌ አንድ ነገር ልትጠይቅ ፈለገች። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰማችው ዐረብኛ አምጪ፣ እጠቢ፣ ቀቅዪ፣ ቶሎ በይ ነው፤ ስለ ግድግዳ መጠየቂያ ቃል የላትም። አሰበች አሰበችና፣ በዐረብኛ፣ «ይህን ማን ቀቀለው?» አለች።

ሽማግሌው በሳቅ ፈረሰ። ኑራም ሳቀች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ «ማን ሠራው ነው የሚባለው» ብላ ቃሉን አስተካከለችላት። ፀዳለ ደግማ፣ አሁን በትክክል ጠየቀች። ሽማግሌው ዕንቁ ጠላቂዎቹን፣ ነጋዴውን፣ ከሩቅ የመጡትን ግንበኞች ተረከላት። እሷም፣ ቃል ሲጠፋት ኸውላ እየሞላችላት፣ ሌላ ጠየቀች፤ ከውሃው ሥር ትንፋሻቸውን እስከ መቼ ይዘው ይቆዩ ነበር? ሽማግሌው ጉንጩን ነፍቶ እያሳያት ሹፌሩ «ምሳ ቀዘቀዘ!» ብሎ እስኪጣራ ድረስ አልለቀቀችውም።

ምሳው ዓሣ ነበር። ለሚጾሙት ኸውላ ፉል ለብቻ አዝዛለች፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አድጎ የዓርብን ጾም የሚረሳ የባቲ ሰው የለም።

ሁሉ ነገር ግን አልሰመረም። ማታ ጀልባው ዘግይቶ ተነሣ፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ሴቶችን ማዳሞቻቸው ተቆጧቸው፣ ከዚያ ወዲህም አልተፈቀደላቸውም። ኸውላ አዘነች። አሁን በዐረብኛው ገጽ ራስ ላይ በትልቁ «ጀልባ ሊዘገይ ይችላል» የሚል መስመር አለ። ለቀጣዩ ጉዞ ማስታወቂያ አልሠራችም። የተመላሾቹን ድምፅ አንድ ላይ ገጣጥማ፣ ያዩትን በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ለቀቀችው። ሙቀቱ ቀዝቀዝ ባለባቸው ወራት ሦስት ጊዜ ሄዱ። አቡ ፈይሰል ደግሞ ራሳቸው «የፈይፋ ተራራስ? ደመናው ከእግርሽ በታች ነው» እያሉ ካርታ ይዘው ጠረጴዛዋ ድረስ ይመጡ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ፀዳለ ደወለች፤ በዚህ ጊዜ ውሃ አይንሿሿም፣ ድምጿም ዝቅ አላለም። ለእረፍት አገር ቤት ልትገባ ነው።

«ኸውሊና፣ ትኬቱን አዲስ አበባ ድረስ ብቻ አትቁረጪልኝ። ጋይንት ተወልጄ ላሊበላን አላየሁትም እኮ። ሳልፍ እግረ መንገዴን ልሳለመው።»

«መንገዱን ሳላጣራ እሺ አልልሽም፣ እትዬ ፀዳለ። ወልዲያ ላይ ደበበ የሚባል የማውቀው ሹፌር አለ፤ ልጠይቀው።»

«ጠይቂው። ደግሞ እግረ መንገድሽን፣ ያን ሁሉ ድንጋይ የፈለፈሉት አፈሩን የት እንደጣሉት ጠይቂልኝ።»

ኸውላ እስክሪብቶዋን አንስታ ሁለቱንም ጥያቄ ጻፈችና ወደ ወልዲያ ደወለች።