በደረቀው ኩሬ ሥር የተኛው ተክል

ይህ የገጠመኝ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ካቺሲ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው። ዓመታት ቢያልፉም ባስታወስኩት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አንድ ኩሬ ነበር። ውኃው በቦይ ወደ ሌላ ቦታ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎት፣ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አፈር ሞልተን የመረብ ኳስ ሜዳ እንድናደርገው ተወሰነ። ሥራውን የማስተባብረው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ጋሪ አፈር እንደተደፋ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ኦቦ ዲንቃ መጡ። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። «አትድፈኑት። ሂን ዱኔ! አልሞተም፣ ተኝቶ ነው።»

«ምኑ?» አልኳቸው።

«አበባው።»

ሳቅሁ። የውኃ ተክል ያለ ውኃ እንደማይኖር በዚያው ሳምንት አስተምሬያለሁ። እሳቸው ከተማሪ እጅ ዶማ ተቀብለው ስንዝር ያህል ቆፈሩና ነጭ ሽንኩርት የምታክል ጠቆር ያለች ሥር አወጡ።

«በክፉ ቀን እናታችን ይህን ቀቅላ ነው ያተረፈችን። እስቲ ውኃ ውስጥ አድርጋት» ብለው መዳፌ ላይ አኖሯት።

እንደ ጠጠር ደርቃለች። መሳሳታቸውን ላሳያቸው ብዬ ቤቴ ወሰድኳትና ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ጣልኳት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከአናቷ ክር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ወጥቶ አየሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ሥራም ረፈደብኝ። ከዚያ ቅጠሎቹ ረዘሙ። ከስስነታቸው የተነሳ ብርሃን ያሳልፉ ነበር።

አፈሩ እየተደፋ ነው። ሳፋውን ተሸክሜ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«እታች እንዲህ ያለ ስንት አለ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

ሜዳው ቀረ። የደፋነውን አፈር ከተማሪዎቹ ጋር መልሰን ዛቅን፤ ቦዩንም ወደ ኩሬው መለስነው።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ሞላላ ቅጠሎች ውኃው ላይ ተንሳፈው ኩሬውን ሸፈኑት። በመካከላቸው ቀጫጭን አገዳዎች ወጡ። የእያንዳንዱ ጫፍ እንደ መንሽ ለሁለት ተከፍሎ ጥቃቅን ሐምራዊ አበባ ለብሷል። ያ ሁሉ ተማሪ ሊያይ ዳር ዳሩን ከበበው። ኦቦ ዲንቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የተክሉ ሳይንሳዊ ስም አፖኖጌቶን እንደሆነና እንደ ልብ እንደማይገኝ በኋላ ከኮሌጅ መምህሬ ሰማሁ።

አሁን የማስተምረው አምቦ ነው። በኦቦ ዲንቃ የመሳቄ እፍረት ለቆኛል፤ ግርምቱ ግን አልለቀቀኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ፣ ያንን ደረቅ መሬት አቋርጬ ክፍል እገባ ነበር። ያ ሁሉ ሕይወት ከጫማዬ ሥር ነበር።