አለህ?

ፒያሳ፣ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ዳር፣ አንድ ጎሚስታ የሚቀባው ማስቲሽ ሸተተኝና ቆምኩ። የጋሽ በቀለ ብስክሌት ማከራያ እዚሁ ነበር። ልጆች ሳለን፣ በፋሲካ ማግስት ስምንት ሆነን ወደ ደብረ ዘይት ስንነሳ፣ ጎማችንን እየነፉ፣ «ፊተኛው ‹አለህ?› እያለ ይጣራ፤ ኋለኛው ‹አለሁ!› ይበል። ዝም ካለ ተመለሱ» አሉን።

ፊተኛው እኔ፣ ኋለኛው ታናሽ ወንድሜ አቤል ነበር። እስከ ዱከም መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ያ የተረገመ ጭፈራችን መጣራቱን አስረሳኝ። ትዝ ያለኝ ሐይቁ ዳር ድፎ ስንቆርስ ነው። ወደ ኋላ ስበር፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን እስከ ፊቱ አልብሰውት ደረስኩ።

ዛሬም ፒያሳ የሚያገኘኝ ወዳጅ ሁሉ «አለህ?» ይለኛል። ሰላምታ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ዞሬ ወደ ኋላዬ አያለሁ።