ለለቀስተኛ ያልተነገረው

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አረንጓዴ ሻርፓቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው፣ የሙስባሃቸውን ዶቃ በጣታቸው ያንከባልላሉ። ከኋላ አንዲት የሚያውቋቸው ሴት ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ እንዴት ሁኖ ነው የሞተ? ሩቅ ሁኜ ለቅሶ አልደረስኩም» አለቻቸው።

ነገሯት። ትኩሳቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ መንገድ ላይ የቆመባቸውን መኪና፤ ቃሉ ሳይደነቃቀፍ ወረደ።

«መጨረሻ ላይስ ምን አለዎት?»

ሻርፑን ወደ አፋቸው ሳቡት። «እሱን አልናገርም።»

«ዋ! ለእኔም?»

«ለማንም። ሌላውን ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ስነግር ስነግር ከእጄ ወጣ። አሁን ትዝ የሚለኝ ያወራሁት ነው እንጂ ልጄ አይደለም። ይችን የመጨረሻ ቃሉን ብቻ በራሱ ድምፅ እሰማታለሁ።»

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው የሚረሳው ያልመዘገበውንና ያልተናገረውን ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን ከቀበርኩ ገና ወር አልሞላኝም፤ አሟሟቱንም ለጠየቀኝ ሁሉ ሳልሰለች ስዘረዝር ሰንብቻለሁ።

ሐይቅ ስንደርስ እናትየዋ ለመውረድ ተነሡና ጥቁር ልብሴን አዩ።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ።

እንዴት እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም።