የምትታከመው ኃላፊ

ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ ደብረ ብርሃን እየወጣሁ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገር ጀመርኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ወፍራም ጃኬት በክንዷ አንጠልጥላ መናኸሪያ የምትቆም ሴት ከሰው ዓይን አታመልጥም። የምሠራበት የውሃ ቢሮ መጀመሪያ «ውሽማ ይዛለች» አለ። እሱስ ብዙም አልከፋቸውም። የደነገጡት እውነቱን ሲሰሙ ነው።

እናቴ ብቻ ተከራከረችልኝ። «ልጄ አላበደችም» ትላለች ለጎረቤት። «ልታወራ ነው የምትሄደው። ሮቢት ውስጥ ወሬ የጠፋ ይመስል!»

የቢሮው የኃላፊ ቦታ ክፍት ሲሆን ተወዳደርኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቅር አይበልሽ እህቴ፤ አንቺው ራስሽ እየታከምሽ ሠራተኛውን እንዴት ልትመሪው ነው?»

«ጋሼ፣ የቀድሞው ኃላፊያችን አንድም ቀን ታክመው አያውቁም። ስልክ ወርውረው የሰበሩት መስኮት ግን ይኸው፣ ከኋላዎ በካርቶን ተሸፍኗል።»

ሁሉም ዞረው ካርቶኑን አዩ። ቦታውን አገኘሁ። እርግጥ ሌላው ተወዳዳሪ ኮምቦልቻ የተሻለ ሥራ አግኝቶ መቅረቱም ሳይረዳኝ አልቀረም።

መከራዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠራተኛው እንደ እንቁላል ያዘኝ። ስገባ ጨዋታ ይቆማል። ሥራ እንዴት ነው ስል «ሁሉም ሰላም ነው» ይሉኛል፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብሉ።

አንድ ጁምዓ ጠዋት እናቴ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዛ ፊቴ ተገተረች።

«ያጠራቀምኩት አልቋል፤ ለሶላት ውዱእ የማደርግበት ጠብታ የለም። የውሃ ኃላፊዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ቢሮ ስደርስ ጉዱን ሰማሁ። የጉድጓዱ ፓምፕ ማክሰኞ ዕለት ተቃጥሏል። ግማሹ ከተማ ጀሪካኑን ይዞ ወንዝ ወርዷል። መለዋወጫው መጋዘናችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ለማውጣት የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

የጥገናው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትረበሺ ብለን ነው። ቢብስብሽስ?»

ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ቆሞ አዳመጠኝ። ስለ መስኮቱም፣ ስለ ፓምፑም፣ ስለ «ሁሉም ሰላም ነው»ም አንድ ባንድ ለቀቅኩባቸው። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ዘበኛችን ከበሩ ላይ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ! ተሻላት!» ሲል ሰማሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው መጣ።

ለባለሙያዋ ሁሉንም ነገርኳት። «ስትጮሂ ምን ተሰማሽ?» አለችኝ።

«ደስ አለኝ።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። «ጥሩ። ልማድ ግን እንዳታደርጊው» አለችኝ።

አሁን ክፉ ወሬ ከሰላምታ ይቀድማል። «ቱቦ ፈንድቷል! እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ወደ ደብረ ብርሃን ልወጣ ስነሳም ማንም ድምፁን አይቀንስም። ስመለስ ከደብረ ሲና ቆሎ እንዳመጣላቸው ያዝዙኛል።