በሁዳዴ የተበላው እንቁላል

ይቺን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። የንስሐ አባታችን እንኳ ራሳቸው ደረሱባት እንጂ እኔ አልነገርኳቸውም። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ካነበቡልኝ ወዲህ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ታዲያ ሁሉን ስጽፍ ይቺን ለምን እዘላለሁ? እናንተ የምታነቡ፣ ስሙኝና ፍረዱኝ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እማዬን ኮሮና ያዛት። እማዬ ወፍራም ናት፤ ራሷም «እኔ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ሞላ ይላል» እያለች ትቀልዳለች። ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ግን ቀልዱም ትንፋሹም አብሯት አልተመለሰም። ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤታችን ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ በሩን ይዛ ታርፍ ነበር። ሦስት ኳሶች ያሉበት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተዋታል፤ በቱቦው አየር ስትስብ ኳሶቹ ወደ ላይ መነሳት አለባቸው። አንዷ ትንቀጠቀጥና ትወድቃለች። ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም።

ሐኪሙ አበላሏን እንድትቀይር መከራት። ኬቶ ይሉታል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ማካሮኒና ስኳር ይቀራል፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤና ጎመን ይበላል። «ስኳርና ዱቄት ሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ሳንባ የሚያስወጣው አየር ይበዛበታል፤ ክብደትሽም ደረትሽን ተጭኖታል። በእርግጠኝነት ይሠራል አልልሽም፤ እየተከታተልን እንሞክረው» አላት። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር።

«የንስሐ አባቴ ካልፈቀዱ ብሞትም አልቀምሰውም» አለች እማዬ።

አባ የሚኖሩት ሳሪስ አቦ አካባቢ ነው፤ ስልክ አይዙም። ቤት ውስጥ ካለእኔ ሰው የለም። «ያሉትን ቃል በቃል አምጪልኝ» ብላ ላከችኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? አልሄድኩም። ከብሎካችን ሥር ልጆች ሱዚ ዘርግተው ነበር። አንድ ዙር ብቻ ብዬ ገባሁ። እናቴ ፎቅ ላይ አየር አጥሯት ተቀምጣ እኔ ላስቲክ እዘላለሁ። ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ዘለልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም አልደብቅም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ላቤን ጠርጌ ወጣሁ።

«ምን አሉ?»

«ፈቅደዋል።»

«ቃላቸውን ንገሪኛ።»

በሩ ላይ እንደቆምኩ ፈጠርኩላት፤ «እስትንፋስ የሰጠ ጌታ እንቁላል አይቆጥርም ብለዋል።»

እማዬ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። የመጀመሪያ ድርሰቴ ያቺ ናት። ያማረች ውሸት። ለምን እንዲህ አሳመርኳት?

ወዲያው ከብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ እንቁላል ገዛሁ። ባለሱቁ ጋሼ ሸምሱ ሳቁ። «በሁዳዴ? በጥቁር ፌስታል ልጠቅልልሽ፣ ጎረቤት ጾም እንዳይፈታ» አሉኝ። እማዬ አማትባ እየቆረሰች፣ እንባዋን እየጠረገች በላች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አየኋት።

ቀስ በቀስ ሁለተኛዋ ኳስ ተነሳች። ለፋሲካ ሰሞን ሦስተኛዋም ብድግ አለች። ምግቡ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ ሐኪሙም ለይቶ አልነገረንም። እማዬ ግን ለይታዋለች፤ «አባ በቃላቸው አዳኑኝ» እያለች ያቺን አረፍተ ነገር ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ስልክ ለደወለ ሁሉ ትናገራለች። በተናገረች ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በዓሉ እንዳለፈ አባን ለማመስገን እኔን ይዛ ሄደች። ቃሉን ስትደግምላቸው አባ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ «ጥሩ ቃል ነው» አሉ። ስንወጣ መስቀል ልሳለም ስጠጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብትመጪ እኮ እፈቅድ ነበር፤ ለበሽተኛ ማን ይከለክላል? ይህን ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

ብሄድ ይፈቀድላት ነበር! ያለ ውሸት፣ ያለ እንባ፣ በእውነተኛ ፈቃድ በበላች። ያንን ነው የነጠቅኳት። ከዚያ ወዲህ አባ ባዩኝ ቁጥር «ነገርሻት?» የሚል ዓይን አላቸው፤ እኔም ባየኋቸው ቁጥር መሬት መሬቱን አያለሁ።

አንዳንዴ ልቤ «ዳነች አይደል?» ይለኛል። ዳነች። እኔ ግን የዋሸሁት ለትንፋሿ ብዬ አልነበረም፤ ለሱዚ ብዬ ነው። አባ ቢከለክሉ ኖሮስ? እሱን አላሰብኩም። እሷ ነፍሷን አምናኝ ስትልከኝ እኔ ከደረጃው ሥር አላለፍኩም።

እማዬ የጻፍኩትን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ይህንንም እሰጣታለሁ።

እማዬ፣ ስለዳንሽ ብለሽ አትማሪኝ። የምትምሪኝ ከሆነ አልሄድኩም ስላልኩሽ ይሁን። መልስሽን ግን አንቺው ራስሽ ንገሪኝ፤ በሰው አትላኪብኝ።