ክብ ያልሆነችው ማዞሪያ

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ የፒካን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ፣ ሽታው እኔን አንስቶ ልጅ ሆኜ የኖርኩባት ስኔልቪል ከተማ፣ ጋሽ ታምሩ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠኝ። የኑግ ዘይቱ ሽታ ብቻ ጎደለ። ያኔ የወለቁት የፊት ጥርሶቼ ገና አልበቀሉም ነበር።

ጋሽ ታምሩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የካሴት መስሚያ አምፕሊፋየራቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን የፕላስቲክ ማዞሪያዎች መለየት አቃታቸው። ልጃቸው ዮናስ በንግግር የሚታዘዝ ስፒከር ገዝቶ አሮጌውን ሊጥለው ፈለገ። «ዕቃ ለምኜ ዘፈን አልሰማም!» አሉና ጓሯቸው የወደቀውን የፒካን ዛፍ ቅርንጫፍ መጋዝ ጀመሩ። በዳበሳ የሚለዩ ማዞሪያዎች ሊሠሩ ነው።

ለቤዙ ድቡልቡል፣ ለቀጭኑ ድምፅ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ሞርደው፣ አለስልሰው፣ የኑግ ዘይት ይቀቡና እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ያልገባኝ የድምፅ መጨመሪያዋ ነች። እሷን ሲሠሩ የያዙት የኔን ጣቶች ነው። ያስጨብጡኛል፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፣ ይሞርዳሉ፣ እንደገና ያስጨብጡኛል።

«ጋሼ፣ ዌይት! ይሄ እኮ ክብ አይደለም። ደግሞ ማየት ያቃተህ አንተ፣ ሜዠር የምታደርገው እኔን?»

«አንተ ትለኛለች እንዴ! ዝም ብለሽ ያዢ፣ አንቺ ወላቃ።»

ቅዳሜ ዮናስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ አሮጌውን ሊወስድበት ባዶ ካርቶን ይዞ ገባ። ጋሽ ታምሩ ዓይናቸውን በፎጣ አሰሩ።

«በል እዘዘኝ።»

«ቤዙን ጨምር።» ጨመሩ። «ቀጭኑን ቀንስ።» ቀነሱ። ቅንጣት አልተሳሳቱም። «እሺ አባዬ፣ ድምፁንስ?»

እጃቸውን አጣጠፉ። «እሱን አልችልም። ለሷ እጅ ነው የተሠራው።»

እንዴ! ጠዋት ሲያዞሩት አይቻቸው የለ? ዮናስ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«በየቀኑ ትመጪያለሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፣ ለምን እንደጠየቀኝ ሳይገባኝ። ካርቶኑን ባዶውን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ከስኩል ባስ እንደወረድኩ እሳቸው ጋ ነኝ። ድምፁን ጨምሬ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፤ ስለ ክፍሌ ልጆች ማውራት ስጀምር ግን «ቀንሺው፣ ቀንሺውና ንገሪኝ» ይሉኛል። ያን ሁሉ የለፉት ዘፈን ለመስማት አልነበረም እንዴ? ግራ ይገባኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ጋሽ ታምሩ ካረፉ በኋላ ዮናስ ማዞሪያዋን ነቅሎ አመጣልኝ። ለወላቃዋ ልጅ የተሞረዱት ጎኖቿ ዛሬ ጣቶቼን አይበቁም። ይሄን ስጽፍም ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ቃል ሲጠፋኝ በሁለት ጣቴ አዞራታለሁ፣ ወደ ግራ፣ ወደ መቀነሻው።