ጀርባቸውን የሳልኩበት ግንብ

በመልክ የማውቃቸው የከተማችን ወንዶች ጥቂት ናቸው። በጀርባቸው የማውቃቸው ግን ብዙ ናቸው። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ዓይኔ መሬት መሬቱን ያያል። በቆሎ የሚገዛኝን ሰው እጁን እንጂ ፊቱን አላየውም። ጀርባ ግን አያፈጥብኝም። ደግሞም እኔ በምሠራበት ቦታ ወንዶች የሚያሳዩኝ ጀርባቸውን ነው።

የምሠራው ጋምቤላ መናኸሪያ አጠገብ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የግንብ አጥር ሥር ነው። ከግቢው የበቀለ ትልቅ ማንጎ ቅርንጫፉን በግንቡ ላይ አሻግሮ መንገዱ ዳር ጥላ ይጥላል። በአካባቢው ሌላ ጥላ የለም። የእኛን አገር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እናቴ ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ስትቀር ነው፤ ቦታውን የያዝኩትም ያኔ ነው። በቆሎ ሲኖር በቆሎ እጠብሳለሁ፣ ሲጠፋ የተቀቀለ እንቁላልና ማንጎ እሸጣለሁ። ጥላው ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራው ከሌለ እኔና እናቴ የምንበላው የለንም።

ግን ያንን ግንብ የሚፈልገው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከፑኝዶና ከዲማ የሚመጣው መኪና ገና ሳይቆም ወንዶቹ ዘለው ይወርዱና ወደ ግንቡ ይሮጣሉ። ዕቃቸውን እንኳ አይቀበሉም። እኔ እሳቴን እያራገብኩ፣ እነሱ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብለው ተደርድረው ይሸናሉ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ሽታው ይነሣል። ደንበኛ በቆሎውን መርጦ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይተነፍስና "ቆይ እመለሳለሁ" ይላል። አይመለስም።

መናኸሪያው ውስጥ መጸዳጃ ቤት አለ። ተሠርቶ ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ በሩ ተቆለፈ። ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ሲጠየቅ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ ሌላው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ወንዶቹ ግንብ አላቸው። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ከመኪናው ሲወርዱ ፊታቸው ተጨማድዶ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው እያሰሩ "እህቴ፣ እዚህ አካባቢ..." ይሉኛል። ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱትም። እኔ ራሴ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። በዚያ ሙቀት፣ ከእሳት አጠገብ፣ ከንፈሬ እየተሰነጠቀ ማታ ቤቴ እስክገባ እቆያለሁ።

ግንቡ ላይ መሥሪያ ቤቱ በቀይ ቀለም "እዚህ መሽናት ክልክል ነው፤ በሕግ ያስቀጣል" ብሎ አስጽፎ ነበር። ከሥሩ አንዱ በከሰል "ታዲያ የት ልሽና?" ብሎ ጠይቆ ሄደ። ሌላው መጥቶ "ቤትህ" ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ "ቤቴ ፑኝዶ ነው" የሚል ተጻፈ። ከዚያ በታች በሌላ እጅ ጽሑፍ "እስከዚያ ያዝ"። እኔም መጀመሪያ አንብቤ ስቄያለሁ። ግን እነዚህን ሁሉ የጻፏቸው እዚያው ቆመው፣ እየሸኑ፣ በአንድ እጃቸው ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ አልሳቅሁም።

ከተማችን ግድግዳ ላይ መጻፍ ይወዳል። የተሰበረ ልብና ቀስት አለ፣ የኳስ ቡድን ስም አለ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የመምህራን ቅጽል ስም አለ። ባጃጆቹ ከኋላቸው "አትቅና ሥራ" ብለው ለጥፈው ይሄዳሉ። አንዱ ጭራሽ "ሳቂ እንጂ" ብሎ ጽፏል፤ እኔን የሚል ይመስለኛል። ማዘጋጃ ቤቱም ይጽፋል። የሚፈርስ ቤት ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ያደርጋል፤ የኛ ሰፈር ጭቃ ቤቶች ላይ እንዲህ ሲያደርጉ ባለቤቱን "ፈቀድክ?" ያለው ሰው አላየሁም። የሰው ግድግዳ ማበላሸት ነው ያለም የለም።

ከእኔ ቀጥሎ ለውዝ የምትሸጥ ሴት አለች። ኢታንግ አካባቢ የተወለደች ኑዌር ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በአማርኛዋ ቁጥብ ናት፣ በሳቋ ግን አይደለችም። አንድ ቀን አንዱ ከእኔ ምድጃ በጣም ተጠግቶ ሸናና፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ "የተጠበሰ ስጪኝ" አለኝ። ሰጠሁት። ከሄደ በኋላ እንባዬ መጣ።

"ለምን ዝም ትያለሽ?" አለች ለውዝ ሻጯ።

"ምን ልበለው?"

"ስደቢዋ!" ስትቆጣ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ታደርገዋለች። "አፍ የለሽም?"

"አፌ እንቢ ይለኛል።"

"እሺ፣ አፍ እንቢ አለ። ሌላ ነገርሽ ሁሉ እንቢ አለ?"

በማግስቱ ጠዋት መኪኖቹ ሳይመጡ ከምድጃው የጠፋ ከሰል አነሣሁና ያንን ሰውዬ ግንቡ ላይ ሳልኩት። ከኋላ። አንገቱ ላይ የተጣጠፈ ሥጋ ነበረው፤ ሲሸና ጃንጥላውን ኮሌታው ላይ ያንጠለጥላል። ያየሁት ይህንኑ ነው፣ የሳልኩትም ይህንኑ ነው። ለመጻፍ አልደፈርኩም፤ ፊደል ስሳሳት ሰው እንዳይስቅብኝ እፈራለሁ። ደግሞ ከመኪናው የሚወርደው ሕዝብ ሁሉ አማርኛ አያነብም። ሥዕሉን ግን ሁሉም አነበበው።

መጀመሪያ ያየው የባጃጅ ሾፌር ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። "እንዴ! ይሄ እኮ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነው! ጃንጥላው ራሱ!" ጓደኞቹን ጠራ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከሰዓት መጣ፣ ግንቡ ጋ ደረሰ፣ ራሱን ከኋላ አየ። ዙሪያውን ተመለከተ። እኔ አንገቴን ደፍቼ በቆሎ እልጣለሁ። ሳይሸና ተመለሰ።

ከዚያ ቀጠልኩ። ግንባሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ እንደሚጸልይ የሚቆመውን መምህር ሳልኩ። በትከሻውና በጆሮው መሃል ስልክ ይዞ "ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ" እያለ የሚሸናውን ደላላ ሳልኩ። ከዲማ ወርቅ ቆፍሮ የመጣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ኪሱን እንዳይነኩበት በግራ እጁ ጨምድዶ ይዞ ነው የሚቆመው፤ እሱንም ሳልኩ። ሰው ለማየት ይመጣ ጀመር። "ያንተ መቼ ነው የሚወጣው?" ይባባላሉ። ለማየት የመጣ ደግሞ በቆሎ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ግን ግንቡ ደረቀ። ማንም ጀርባው እንዲሳል አልፈለገም። ሽታው ጠፋ፣ የማንጎው ቅጠል መዓዛ መሽተት ጀመረ። ሠዓሊዋ እኔ መሆኔን የሚያውቁት ለውዝ ሻጯና ባጃጆቹ ናቸው። አልተናገሩም።

መሸናቱን ያልተወ አንድ ሰው ቀረ። ደንብ አስከባሪው። ሥራው በዚያ አካባቢ ሰው እንዳይሸና፣ ቆሻሻ እንዳይጥል፣ መንገድ ዘግቶ እንዳይነግድ መጠበቅ ነው። እኛን "ተነሡ፣ ወደ ኋላ!" ይለንና፣ ቀጥሎ ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ይዞ ወደ ግንቡ ዞሮ ይቆማል። ኮፍያውን ለምን እንደሚያወልቅ አላውቅም። ምናልባት ያለ ኮፍያ ሲሆን መንግሥት አይደለሁም ብሎ ይሆናል። ጆሮዎቹ እንደ ሲኒ ጆሮ ወጣ ያሉ ናቸው። ሳልኩት፤ ኮፍያውን በብብቱ፣ ጆሮዎቹን በቦታቸው።

ሲያየው አልጮኸም። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና በጫማው ምድጃዬን ገለበጠው። ፍሙ ተበተነ፤ በቆሎው ቦይ ውስጥ ገባ።

"እጅሽን አሳዪኝ!"

እጄ ጥቁር ነበር። ከሰል የምታራግብ ሴት እጅ ነጭ ይሆናል እንዴ?

ቀበሌ ወሰደኝ። ለውዝ ሻጯ ዕቃዋን ለባጃጅ ሾፌር አደራ ሰጥታ ተከተለችን። የቀበሌው ሊቀመንበር ሴት ናቸው። ደንብ አስከባሪው ቆሞ ከሰሰኝ። "የመንግሥት ግንብ አቆሽሻለች፤ ሰውም ሰድባለች" አለ።

"ምን ብላ ጻፈች?"

"አልጻፈችም፣ ሳለች።"

"ማንን?"

ኮፍያውን አስተካከለ። "አንድ... የመንግሥት ሠራተኛን።"

"ፊቱን ሳለች?"

"ፊት የለውም። ጀርባውን ነው።"

"ታዲያ ማን እንደሆነ በምን አወቅህ?"

ከኋላዬ አንዱ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ። የደንብ አስከባሪው ጆሮዎች ቀሉ። "ያው... ሕዝቡ የሚለውን ሰምቼ ነው" አለ። ሊቀመንበሯም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ስድቡ ቀረልኝ። ግንቡ ግን አልቀረልኝም። ያለ ፈቃድ በመንግሥት ግንብ ላይ መሳል ክልክል ነው፤ በራሷ ወጪ ኖራ ገዝታ ትቀባው፤ ከዚህ በኋላ አንድ መስመር ቢታይ፣ ማንም ይሣለው ማንም፣ ከቦታዋ ትነሣለች ተባለ።

"የሚሸናውስ?" አለች ለውዝ ሻጯ።

"እነሱን እጅ ከፍንጅ ይዛችሁ አምጡ።"

እጅ ከፍንጅ! እኔ ታዲያ ምን አድርጌ ነበር? አንድ በአንድ፣ እስከ ጃንጥላቸው፣ ይዤ ግንቡ ላይ አቁሜያቸው አልነበረም? ይህን ልናገር ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። እናቴ "ታመምሽ?" አለችኝ። ንዴት መሆኑን አልነገርኳትም።

ግንቡን ቀባሁት። መምህሩን፣ ደላላውን፣ ወርቅ ቆፋሪውን አጠፋሁ። የደንብ አስከባሪውን ጆሮ ሦስቴ ብቀባውም እየቆየ ብቅ ይል ነበር። የመጀመሪያው መኪና ሲደርስ ኖራው ገና አልደረቀም፤ እነሱም እስኪደርቅ አልጠበቁም።

ብዙ ሳይቆይ መሰላልና ባልዲ የያዙ ሠዓሊዎች በትልቅ መኪና መጡ። የጽዳት ፕሮጀክት ነው ተባለ። እዚያው ግንብ ላይ፣ ከጥላዬ ሥር፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት እጇን በሳሙና ስትታጠብ ሳሉ። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ውሃው ራሱ የሚወርድ ይመስላል። ሰው ፎቶ ተነሣ። መሰላሉን ደግፎ የያዘው ማን ነበር? ደንብ አስከባሪው። ኮፍያውን አድርጎ። የኔ ከሰል ቆሻሻ፣ የነሱ ቀለም ጥበብ የሆነው በምን እንደሆነ ለውዝ ሻጯን ጠየቅኳት። "የነሱ ማህተም አላት" አለችኝ።

በማግስቱ ከፑኝዶ መኪና የወረደ ኮት የለበሰ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ሄዶ የተሣለችው ሴት ቀሚስ ላይ ሸና።

ሥዕል መሆኗን አውቃለሁ። ግን እጇን እየታጠበች፣ እየሳቀች፣ ዝም ብላ ቆማ ሲሸናባት ሳይ አላስቻለኝም። በርጩማዬን አነሣሁና ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ተቀመጥኩ። የሳሙና ካርቶን ቀደድኩና ጭኔ ላይ አደረግኩ። ከሰል አነሣሁ። የከሰሉን ጭረት ሰምቶ ይሁን አላውቅም፣ አንገቱን ጠመዘዘ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየሳልኩዎት ነው።" ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

"ምን?!"

"አይዙሩ፣ ፊትዎን አልፈልገውም።"

ለውዝ ሻጯ ሳቋ እስከ መናኸሪያው በር ተሰማ። ሰውዬው ዚፑን እየታገለ፣ ኮቱ ተጠምዝዞ፣ ሻንጣውን ረስቶ ሄደና ተመልሶ ለመውሰድ መጣ። ያኔም ፊቱን አላየሁትም። ካርቶኑን ጥላው ዳር ካለው እንጨት ላይ ሰቀልኩት።

ደንብ አስከባሪው መጣ። ካርቶኑን አውርዶ አገላብጦ አየ። ግንቡን አየ፤ መስመር የለበትም። ምድጃዬን አየ፤ እግሩን ግን አላነሣም። ባጃጆቹ ሁሉ ሞተራቸውን አጥፍተው ይጠብቁ ነበር።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለኝ።

"የሚያውቁት ከሆነ ቀበሌ ሄደው ይንገሩልኝ" አልኩት።

ካርቶኑን መልሶ ሰቀለው። እንዲያውም አጥብቆ።

አሁን ከሰሉን በእጄ መያዝ ብቻ ይበቃል። አብዛኞቹ ሲያዩኝ መንገዳቸውን ይቀይራሉ፤ የት እንደሚሄዱ አልጠይቅም። የቢጫ ቀሚሷ ሴት እግር ሥር ያለው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግን የመጸዳጃ ቤቱ በር ዛሬም ተቆልፏል። ጠዋት ከዲማ የመጣች ነፍሰ ጡር ሴት ማንጎው ሥር ቆማ "እህቴ፣ እዚህ አካባቢ..." አለችኝ። ቁልፉ ያለው ሰውዬ አሁንም ስብሰባ ላይ ነው። ጀርባውን አይቼው አላውቅም እንጂ እሱንም በሳልኩት ነበር። ሴትዮዋን ለውዝ ሻጯ ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች። እኔ ደግሞ የሁለቱንም ዕቃ እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ። ዛሬም ውሃ አልጠጣሁም።